ከተማ ማለት ምን ማለት ነው? አንዲት ተማሪዬ ያፋጠጠችኝ ጥያቄ

ጽሑፉ ረዘም ይላል። መገናኛ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆማችሁ የምታነቡ ግን ወረፋው ሳይደርሳችሁ ትጨርሱታላችሁ፤ ሰልፉን እኔም በየቀኑ አየዋለሁ።

ነገሩ የጀመረው ክፍል ውስጥ ነው። የእንግሊዝኛ ምንባብ እያነበብን በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ "ታውን" እና "ሲቲ" የሚሉ ሁለት ቃላት መጡ። አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች። "ቲቸር፣ ሁለቱም በአማርኛ ከተማ ናቸው። ታዲያ ልዩነታቸው ምንድን ነው?" እኔም ደወሉ ሊደወል ስለነበር "ታውን ትንሹ ነው፣ ሲቲ ትልቁ ነው" ብዬ አለፍኩ።

በማግስቱ ልጅቷ ተዘጋጅታ መጣች። "ቲቸር፣ ይቅርታ፣ ትላንት ያሉን ልክ አይመስለኝም። ሴንት ዴቪድስ የሚባል ቦታ ሁለት ሺህ ሰው እንኳን የለውም፤ ግን ሲቲ ይባላል። ሬዲንግ ደግሞ ከመቶ ሺህ በላይ ሰው አላት፤ እስካሁን ታውን ናት።" ክፍሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅኩ፤ ውስጤ ግን አልሳቀም። እኔ በዲፕሎማ የማስተምር ሰው ነኝ፣ የታሪክ ምሁር አይደለሁም። ግን ተማሪ ሲበልጠኝ ደስ ይለኛል፣ በዚያው ልክ ደግሞ እንቅልፍ ያሳጣኛል። ስለዚህ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሳነብ ከረምኩ። ያገኘሁት ነገር ከእንግሊዝ ተነስቶ አባቴ ማሳ ላይ ነው ያደረሰኝ። እስቲ ከመጀመሪያው ልጀምር። (የውጭውን ዘመን በእነሱ አቆጣጠር፣ የኛን ዓ.ም. እያልኩ በኛ እጽፋለሁ።)

እንግሊዞቹ ዘንድ "ሲቲ" መባል የመጠን ጉዳይ አይደለም፤ የማዕረግ ጉዳይ ነው። ልክ እኛ አገር ድሮ አንድ ሰው ፊታውራሪ ወይም ደጃዝማች እንደሚባለው ማለት ነው። ማዕረጉን የሚሰጠው ዘውዱ ነው። ሚኒስትሮቹ ያማክራሉ፣ ንጉሡ ወይም ንግሥቲቱ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ይሰጣሉ፣ አለቀ። ጥንት ነገሩ ከቤተ ክርስቲያን ጋር የተያያዘ ነበር። ንጉሥ ሄንሪ ስምንተኛ በ1540ዎቹ አዳዲስ ሀገረ ስብከቶችን ሲያቋቁም፣ የጳጳሱ ካቴድራል ያለባቸው ቦታዎች ሲቲ ተባሉ። ስለዚህ ለብዙ ዘመን "ካቴድራል ካለህ ሲቲ ነህ" የሚል እምነት ነበር። ከዚያ በ1889 በርሚንግሃም ካቴድራል ሳይኖራት፣ በሕዝቧና በፋብሪካዋ ብዛት ማዕረጉን አገኘች። ካምብሪጅ በ1951 አገኘች፤ ያ ሁሉ ዩኒቨርሲቲዋ እያለ እስከዚያ ድረስ ታውን ነበረች ማለት ነው።

አሁን አሁን ደግሞ ውድድር ሆኗል። በ2022 የንግሥት ኤልሳቤጥ 70ኛ የንግሥና ዓመት ሲከበር ከተሞች ታሪካቸውንና ማንነታቸውን ጽፈው አመለከቱ፤ ስምንት ቦታዎች ተሾሙ። ከእንግሊዝ የተሾሙት ሦስቱ ሚልተን ኪንስ፣ ኮልቼስተር እና ዶንካስተር ናቸው።

በጣም የገረመኝ ግን ይሄ ነው፦ ማዕረጉ ይዞት የሚመጣ ገንዘብ የለም። ተጨማሪ ሥልጣን የለም። በጀት የለም፣ መኪና የለም፣ አዲስ ወንበር የለም። ስም ብቻ ነው። ሮቸስተር የምትባለው ጥንታዊ ከተማ በ1998 የአካባቢ አስተዳደር ሲዋቀር፣ ኃላፊዎቹ ማድረግ የነበረባቸውን ነገር ባለማድረጋቸው ማዕረጓን አጣች። እና ምን ሆነ መሰላችሁ? ለዓመታት ማንም ልብ አላለም። ማዕረጉ ሲሄድ የጎደለ ነገር ስለሌለ።

ይህን ሳነብ መጀመሪያ "ፈረንጅ ሥራ ፈት ነው" ብዬ ነበር። ቆይቼ ግን የስሞቹን መጨረሻ አየሁ። ኮል-ቼስተር። ዶን-ካስተር። ኳስ የምታዩ ልጆች፣ ማን-ቼስተርን ጨምሩበት፣ ሌስተርንም። ይህ "ቼስተር" እና "ካስተር" የሚለው ቅጥያ "ካስትራ" ከሚል የላቲን ቃል የመጣ ነው፤ ትርጉሙም የጦር ሰፈር ማለት ነው። ሮማውያን ደሴቲቱን ሲወሩ ወታደሮቻቸው የሰፈሩበት ቦታ ነው በኋላ ከተማ የሆነው። በየሳምንቱ ቅዳሜ "ማንቼስተር!" እያላችሁ ስትጮሁ ግማሹ "የጦር ሰፈር!" ማለታችሁ ነው።

ኮልቼስተር በተለይ ታሪኳ ከባድ ነው። ሮማውያን በ43 ያዟት፤ ጥቂት ዓመታት ቆይተው ለጡረተኛ ወታደሮቻቸው መኖሪያ አደረጓት። ታሲተስ የሚባለው የሮማ ታሪክ ጸሐፊ እንደነገረን፣ እነዚህ ጡረተኞች የአካባቢውን ሰዎች ከቤታቸውና ከእርሻቸው ያስወጧቸው ነበር። በ60 ወይም በ61 ቡዲካ የምትባል ንግሥት ተነስታ ከተማዋን ከነነዋሪዎቿ አቃጠለቻት። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ ከተማው ከመመሥረቱ በፊት እዚያ የሚያርስ ሰው ነበር።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። "ከተማ" የሚለው የራሳችን ቃል ከየት መጣ? በድሮ ዜና መዋዕሎቻችን ከተማ ማለት ንጉሡ የሚሰፍርበት ነው። ንጉሡ "ከተመ" ማለት ድንኳኑን ተከለ፣ ሰፈረ ማለት ነው። "ሰፈር" የሚለው ቃላችንም "ሰፈረ" ከሚለው ነው። እንግዲህ እኛም "ካስትራ" አለን ማለት ነው! ፊታውራሪ ፊት የሚሄደው፣ ቀኝ አዝማች በቀኝ፣ ግራ አዝማች በግራ፣ ደጃዝማች በደጅ የሚያዘምተው ነው። የማዕረጎቻችን ስም ራሱ የአንድ ትልቅ ሰፈር ካርታ ነው።

ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የሚባል ፖርቹጋላዊ ቄስ በ1520 መጥቶ ለስድስት ዓመት ያህል አገራችን ቆይቷል። የአፄ ልብነ ድንግልን ከተማ ሲገልጽ በድንኳን የተሠራ ከተማ ነው የሚነግረን። ድንኳኖቹ ቦታ ቦታ አላቸው፤ ቤተ ክርስቲያኑ የት እንደሚተከል፣ ገበያው የት እንደሚሆን፣ የቱ መኰንን የት እንደሚሰፍር የታወቀ ነው። ከተማው ሲነሳ ሁሉም ይነሳል፤ ሌላ ቦታ ሲወርድ ያው ከተማ በዚያው ሥርዓት እንደገና ይተከላል። ማገዶው ሲያልቅ፣ የአካባቢው ገበሬ የሚቀልበው ሲያጣ ይሄዳሉ። ከተማ የሚሄድ ነገር ነበር።

አንዳንዱ ታዲያ እዚያው ቀረ። ደብረ ብርሃንን ውሰዱ። አፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ1440ዎቹ ዓ.ም. ሰማይ ላይ ብርሃን ታየ ተብሎ ቤተ ክርስቲያን አሠሩ፣ ቤተ መንግሥታቸውንም እዚያው አድርገው እስኪሞቱ ድረስ ከአሥር ዓመት በላይ ተቀመጡ። ልጃቸው አፄ በእደ ማርያም ትተዋት ሄዱ፤ ስሟና ቤተ ክርስቲያኗ ግን ቀሩ። ዛሬ ደብረ ብርሃን "ሪጂዮፖሊታን ከተማ" የሚል ማዕረግ አላት። ጎንደርን አፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ገደማ መሠረቱ፤ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ስለተሠራ መንቀሳቀሱ ቆመ። ድሬዳዋ ደግሞ ጭራሽ ሌላ ነው። የባቡር ሐዲዱ ሐረር ተራራ ላይ መውጣት አልቻለም፤ ስለዚህ በ1895 ዓ.ም. ገደማ ባቡሩ ሜዳው ላይ ሲደርስ አዲስ ከተማ ተወለደ። መጀመሪያ "አዲስ ሐረር" ነበር የተባለው። አንዲት ከተማ ባቡር ስላልደረሰላት ሌላ ከተማ ተወለደ!

አዲስ አበባም ከዚህ የተለየ አይደለችም። አፄ ምኒልክ እንጦጦ ላይ ነበሩ፤ ብርድ፣ ነፋስ፣ የእንጨትና የውሃ ችግር። እቴጌ ጣይቱ ፍልውሃው አጠገብ ቤት አሠሩ፤ በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተባለ። ለመኳንንቱ ቦታ ቦታ ተሰጣቸው፤ የእያንዳንዱ ሠራዊትና ቤተሰብ በዙሪያው ሰፈረ። ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ሥራተኛ ሰፈር፣ ዘበኛ ሰፈር የምንላቸው ከዚያ ዘመን ሥርዓት የወረስናቸው ስሞች ናቸው። ይህችም ከተማ ልትሄድ ምንም አልቀራትም ነበር። በ1890ዎቹ መጀመሪያ እንጨት ሲያልቅ ምኒልክ አዲስ ዓለም ላይ ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀምረው ነበር። ያዳናት ባሕር ዛፍ ነው ይባላል፤ የአዲስ ዓለሙም ቤተ መንግሥት ቤተ ክርስቲያን ሆነ።

እዚህ ላይ የኮልቼስተሯን ነገር አስታውሱ። አዲስ አበባ ስትቆረቆር ቦታው ባዶ አልነበረም። ፊንፊኔ የሚባል ስም ነበረው፤ የሚያርሱበት፣ ከብት የሚያሰማሩበት የኦሮሞ ገበሬዎች ነበሩ። ይህን የምለው የዛሬን ፖለቲካ ለመቆስቆስ አይደለም፤ ኮሜንት ላይ እንዳትጣሉብኝ። የምለው፣ የየትኛውም ከተማ ልደት ላይ ሁለት ዓይነት ሰው አለ፦ የሚሰፍር እና የሚሰፈርበት። የመጀመሪያው ታሪክ ይጻፍለታል። ሁለተኛው ብዙ ጊዜ ስሙም አይታወቅ።

በጥንቱ ዘመን ከተማን ከተማ የሚያደርገው ንጉሥ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ ገበያ ወይም ባቡር ነበር። ዛሬስ? ዛሬ አዋጅ ነው። ከጣሊያን ወረራ በኋላ በ1937 ዓ.ም. ስለ ማዘጋጃ ቤቶች አዋጅ ወጣ፤ ከተሞችም በደረጃ መመደብ ጀመሩ። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ፕላን አዋጅ ደግሞ ትርጉሙን ቁጭ አድርጎታል፦ ማዘጋጃ ቤት የተቋቋመበት ቦታ፣ ወይም 2,000 እና ከዚያ በላይ ሕዝብ ኖሮት ከሠራተኛው ኃይል ግማሹ ከግብርና ውጪ በሆነ ሥራ የሚተዳደርበት ቦታ ከተማ ነው። አዲስ አበባ በሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 49፣ ድሬዳዋ ደግሞ በ1996 ዓ.ም. በወጣ ቻርተር ለፌዴራል መንግሥት ተጠሪ ናቸው። ሌሎቹን ክልሎች በየአዋጃቸው ደረጃ ይሰጧቸዋል።

ትርጉሙን ሳነብ ሁለት ነገር አሰብኩ። አንደኛ፣ በሕዝብ ብዛት ነው የሚባለው፤ ግን ይህች አገር ሕዝቧን የቆጠረችው ለመጨረሻ ጊዜ በ1999 ዓ.ም. ነው። የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎቼ ብዙዎቹ ያኔ አልተወለዱም። ሁለተኛ፣ ትርጉሙ ውስጥ ውሃ የለም። መብራት የለም። ትምህርት ቤት፣ ጤና ጣቢያ፣ የፍሳሽ መውረጃ የለም። ያለው የሰው ቁጥርና የሥራ ዓይነት ብቻ ነው።

ከእንግሊዞቹ ጋር ያለን ትልቁ ልዩነት የገባኝም እዚህ ጋ ነው። እነሱ ዘንድ ማዕረጉ ስም ብቻ ነው፤ ቢመጣም ቢሄድም የማንም እርሻ አይነካም። እኛ ጋ ግን አንድ ቦታ "ወደ ከተማ አስተዳደር አደገ" ሲባል ስም ብቻ አይደለም የሚቀየረው። ከንቲባ ይሾማል፣ ጽሕፈት ቤቶች ይከፈታሉ፣ በጀት ይመጣል፣ ፕላን ይሠራል፣ መስመር ይሰመራል። መስመሩ ውስጥ የገባው መሬት ከዚያ ቀን ጀምሮ በሊዝ የሚታሰብ የከተማ ቦታ ነው። ስለዚህ "እንኳን ደስ አላችሁ" ከማለታችን በፊት መስመሩ የት እንደተሰመረ ማየት ነበረብን።

አሁን የራሴን ልንገራችሁ። የቦታውን ስም አልጠራም፤ ሰሜን ሸዋ ውስጥ ነው፣ የማውቃችሁ ታውቁታላችሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ቀን የአክስቴ ልጅ ደወለልኝ። "እንኳን ደስ አለህ! ከተማ ሆንን!" ቲሸርት ታተመ፣ ሰንጋ ታረደ፣ ሙዚቃ ነበር። እኔም እውነት እላችኋለሁ ደስ አለኝ፤ ፌስቡክ ላይ ፎቶውን ለጥፌ "ትንሿ ከተማችን አደገች" ብዬ ጽፌ ነበር። ያኔ ላይክ ያደረጋችሁኝ እዚሁ አላችሁ።

የአባቴ ማሳ ከከተማው ዳር ነበር። ሦስት ጥማድ። እኔን ያስተማረኝ፣ ዲፕሎማዬን የገዛልኝ ማሳ ነው፤ ገብስ፣ ባቄላ፣ ስንዴ። መስመሩ ሲሰመር አብዛኛው ውስጥ ገባ። ካሳ ተሰጠው፤ አልተሰጠውም አልልም። በካሳው ሁለት ክፍል ቆርቆሮ ቤት ሠራ፣ ለታናሽ ወንድሜ ባጃጅ ገዛ። ባጃጁ ዓመት ሳይሞላው ቆመ። ብሩ አለቀ። መሬቱ ላይ ድንጋይ ተተክሎ ለሰው ተሰጠ፤ ግማሹ እስካሁን ሳር በቅሎበት ቁጭ ብሏል።

የቀረችውን ትንሽ ቦታ ለማረስ አባዬ ማዳበሪያ ሊጠይቅ ሄደ። "እርስዎ አሁን የከተማ ነዋሪ ነዎት፤ ዝርዝር ውስጥ የሉም" አሉት። ወደ አዲሱ ጽሕፈት ቤት ደግሞ ሄዶ "ከተማ ከሆንን ውሃው መቼ ነው የሚመጣው?" ብሎ ጠየቀ። "በፕላን ላይ ነው" አሉት። እናቴ እስካሁን ከዚያው ከድሮው ምንጭ ነው የምትቀዳው። ከሁለት ያጣ ጎመን ማለት ይሄ ነው። ገበሬነቱን ተወሰደ፤ ከተሜነቱ አልተሰጠውም።

ባለፈው ፋሲካ ስሄድ ደጅ ተቀምጠን "አባዬ፣ ከተማ መግባት እንዴት ነው?" ብዬ ልቀልድ ሞከርኩ። ትንሽ ዝም ብሎ "እኔ ከተማ አልገባሁም ልጄ፤ ከተማው ነው እኔ ላይ የገባው" አለኝ። ሌላ ምንም አላለም። እኔም የማወራው አጣሁ።

አንዳንዶቻችሁ "ታዲያ ከተማ አይስፋ ነው የምትለው?" ትሉኛላችሁ። አይደለም። እኔ ራሴ ሁለተኛ ደረጃ የተማርኩት በዚያች ትንሽ ከተማ ነው። ከተማ ባትሆን ኖሮ ትምህርት ቤቱ አይኖርም ነበር፤ እኔም ዛሬ ከአባቴ በሬዎች ኋላ ነበርኩ። ከተማ ዕድል ነው። ባንክ ያመጣል፣ መንገድ ያመጣል፣ ሴት ልጅ ከቤት ሳትርቅ የምትማርበትን ክፍል ያመጣል። እዚህ መገናኛ ዙሪያ የምናየውም ያው ነው፤ ከኮሪደር ልማቱ በኋላ ማታ ማታ ሰው ከነልጆቹ ሲንሸራሸር ሳይ ደስ ይለኛል። የኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ዕድሉ ሲመጣ ዋጋውን ማን ይከፍላል? ዋጋውን የከፈለውስ ከዕድሉ ይደርሰዋል ወይ?

ይህ ጥያቄ ደግሞ የገጠር ብቻ አይደለም። ክፍሌ ውስጥም አለ። ከምሥራቅ አዲስ አበባ ነው ልጆቹ የሚመጡት። አንደኛው ልጅ አያት አካባቢ እዚያው ቤት ተወልዶ እዚያው አድጓል፤ ቤቱ አንድ ጋት አልተንቀሳቀሰም። ነገር ግን በ2013 ዓ.ም. ለሚ ኩራ አዲስ ክፍለ ከተማ ሆኖ ሲቋቋም አድራሻው ተቀየረ። ሌላዋ በየቀኑ ከለገጣፎ ትመጣለች። ለገጣፎ በ2015 ዓ.ም. ከሱሉልታ፣ ከቡራዩ፣ ከሰበታና ከገላን ጋር ሸገር ከተማ ውስጥ ገብታለች። ቅጽ ሲሞሉ አንዱ ሌላውን "አንተ የየት ነህ?" ሲለው እሰማለሁ። ጠዋት መገናኛ ላይ ግን የታክሲ ረዳቱ "ለገጣፎ! አያት! ጣፎ! ካራ!" እያለ ሲጣራ መታወቂያ አይጠይቅም። ሁሉም ያው ትከሻ ለትከሻ ተጋፍቶ ነው የሚሄደው።

ስለ መገናኛም ሳስብ ይገርመኛል። ከአደባባዩ ወዲህ ቦሌ ነው፣ ወዲያ የካ። ቻርተር የላት፣ ከንቲባ የላት፣ ማዕረግ የላት። የአራት ኪሎው፣ የቦሌው፣ የሲኤምሲው፣ የኮተቤው መንገድ ተገናኘ፤ ሻይ የምታፈላው መጣች፣ ልባሽ ጨርቅ የሚሸጠው መጣ፣ ሊስትሮው መጣ፣ በ2008 ዓ.ም. ባቡሩ መጣ፣ ፎቁ ተደረደረ። ማንም ሳይሾማት ከተማ ሆነች። ወደ አራት ኪሎ ስትሄዱ "እንግሊዝ ኤምባሲ ወራጅ!" የምንልበት ሰፊ ግቢ አለ፤ አፄ ምኒልክ ለእንግሊዞች የሰጡት ነው። አንዳንዴ በዚያ ሳልፍ፣ እነዚህ ሰዎች መገናኛን ቢጠይቋቸው ሲቲ ይሏት ይሆን ታውን እላለሁ። ካቴድራል የላትም፣ ደብዳቤም የላትም። ሰው ግን አላት።

እንግዲህ ለተማሪዬ ያልመለስኩላትን ጥያቄ አሁን ልመልስ። ከተማ ማለት በኔ እምነት ስም፣ ደረጃ ወይም መስመር አይደለም። ከተማ ማለት ሰው ተሰብስቦ ስለኖረ የሚያገኘው ነገር ነው። ውሃ፣ መብራት፣ ትምህርት፣ ሕክምና፣ ሥራ፣ ደህንነት። እነዚህ ሳይኖሩ መስመር ብቻ ከተሰመረ፣ ያ ከተማ የድሮው ድንኳን ነው። ሰፈርንበት እንጂ አልኖርንበትም።

ስለዚህ አንድ ቦታ "ወደ ከተማ አስተዳደር አደገ"፣ "ደረጃው ከፍ አለ" ሲባል ስትሰሙ፣ ቲሸርት ከመልበሳችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁልኝ።

አንድ፦ መስመሩ ውስጥ የገባው ማን ነው? ተጠይቋል ወይ? ማሳው ከመለካቱ በፊት ሰብስቦ "እንዲህ ልናደርግ ነው፣ አንተስ ምን ትላለህ?" ያለው ሰው አለ? ካሳ መስጠት አንድ ነገር ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ ብር ቆጥሮ ሳይሆን ማዳበሪያ ቆጥሮ የኖረ ሰው በዚያ ካሳ ምን ሠርቶ እንዲኖር ማሠልጠንና መከታተል ሌላ ነገር ነው።

ሁለት፦ አገልግሎቱ መቼ ይደርሳል? "በፕላን ላይ" መልስ አይደለም። ግብሩን በየዓመቱ በቀኑ የሚጠብቅ ጽሕፈት ቤት፣ ውሃውንም በቀን ቆርጦ መንገር አለበት። ውሃው እስኪደርስ ድረስ ደግሞ ገበሬው ገበሬ ሆኖ ማዳበሪያውን ያግኝ። ይሄ ትልቅ በጀት የሚጠይቅ ነገር አይደለም፤ አንድ ስም ከአንዱ ዝርዝር ወደ ሌላው ሲሻገር ሰውየው መሀል ላይ እንዳይወድቅ ማየት ነው።

ሦስት፦ ከዚያ በፊት ምን ነበር? እንግሊዞቹ ለማዕረግ ሲያመለክቱ ታሪካቸውን ይጽፋሉ። እኛስ? የወንዙ ስም፣ የሜዳው ስም፣ መጀመሪያ ያረሰው ሰው ስም ይመዝገብ። መንገድ ሲሠራ "መንገድ 12" ከማለት የድሮው ስሙ ይሰጠው።

ሦስተኛውን እኔ በአቅሜ ጀምሬዋለሁ። ክፍሉን ሁሉ የቤት ሥራ ሰጠሁ፦ "በሰፈራችሁ በዕድሜ ትልቁን ሰው ፈልጉ። ይህ ቦታ ድሮ ምን ነበር ብላችሁ ጠይቁና ጻፉ።" ያመጡትን ብታዩ! አንዱ "ኮንዶሚኒየማችን ያለበት ቦታ ጤፍ ነበር፤ አሁን እዚያው ፎቅ ሥር ጥበቃ የሆኑት ሰውዬ ናቸው ያርሱት የነበረው" ብሎ ጻፈ። ክፍል ውስጥ ሲነበብ ማንም አልሳቀም። ያቺ ጠያቂ ልጅ ደግሞ ወረቀቷ መጨረሻ ላይ እንዲህ የሚል ጨመረች፦ "ቲቸር፣ ሲቲ እና ታውን አሁንም አልገባኝም፤ ግን ሰፈሬ ገባኝ።" ሙሉ ማርክ ሰጠኋት።

አባቴ ስልኩ ፌስቡክ ስለሌለው ይህን አያነበውም። ወንድሜ ግን ያነብለታል። አባዬ፣ ያን ጊዜ ቀድሜ "እንኳን ደስ አለን" ብዬ መለጠፌን ይቅር በለኝ። መጠየቅ ሲገባኝ ነው ያጨበጨብኩት።

እናንተም የቤት ሥራ አለባችሁ፤ የድሮ ተማሪዎቼ ነገሬን ታውቃላችሁ፣ ካለ ቤት ሥራ አልለቅም። አሁን የምትኖሩበት ቦታ ከተማ ከመሆኑ በፊት ምን ነበር? ማን ያርስበት ነበር? ጠይቃችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። ስድብና ብሔር ቆጠራ የሚጽፍ ግን ያው እንደ ክፍል ነው፤ ወደ ውጭ አስወጣለሁ።

መልካም ሳምንት። ታክሲው ከደረሳችሁ ግቡ።